ኢና ሪስካል፦ በአራት ኦሎምፒኮች የተሰለፈችው የመረብ ኳስ ተጫዋች

በዛሬው ዓምዳችን የምናስተዋውቃችሁ ሴት ስሟ በአገራችን እምብዛም የታወቀ አይደለም። እንደ ደራርቱ ቱሉ ወይም እንደ ጥሩነሽ ዲባባ ስሟ በተጠራ ቁጥር እልል የሚባልላት አይደለችም፤ ሯጭም አይደለችም። ኢና ሪስካል ትባላለች፣ የሶቪየት ኅብረት የመረብ ኳስ ተጫዋች ነበረች። በአራት ተከታታይ ኦሎምፒኮች ተሰልፋ ከአራቱም ሜዳሊያ ይዛ የተመለሰች ስትሆን ከእነዚህም ሁለቱ ወርቅ ናቸው። በመረብ ኳስ አራት የኦሎምፒክ ሜዳሊያ በማግኘት ከወንድም ከሴትም የመጀመሪያዋ እርሷ ናት።

ይህን ጽሑፍ የማዘጋጅላችሁ ጨንቻ ላይ ሆኜ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ የተጓዘ ሰው የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ከበታቹ ትቶ፣ ሙቀቱንም እዚያው ተሰናብቶ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከጉም ጋር ይገናኛል። መጀመሪያ የሚያምረው ጋቢ ነው። ደግነቱ ጋቢው እዚሁ አለ፤ የጋሞ ደጋ የሸማ አገር ነውና።

የአንዲት የባኩ ከተማ ስፖርተኛ ታሪክ ከጨንቻ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ያገናኘው የልጃገረዶች ከሰዓት በኋላ ነው።

የጨንቻ ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ሥራ ብዙ ነው። ውሃ መቅዳት አለ፣ እንጨት መልቀም አለ፣ ታናናሾቿን መጠበቅ አለ፣ እናቷ እንሰት ስትፍቅ ማገዝ አለ። አረፍ አለች ሲባል ደግሞ እንዝርቱ ይቀርባል። በጋሞ ልማድ መሸመን የወንድ፣ መፍተል የሴት ሥራ ነው። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ ተፈትሎ ልቃቂት እስኪሆን ድረስ ያለው ድካም የሴቶች ነው። ገበያ ላይ ግን ሸማው የሚመሰገነው በሸማኔው ነው፤ ስለ ፈታይዋ የሚጠይቅ ገዢ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ይህችን ልጅ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪዋ ከትምህርት በኋላ ቆይታ ኳስ እንድትለማመድ ቢጠይቃት እቤት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ውሃውን ማን ይቅዳ? እናትየዋን ክፉ አድርጋችሁ አትዩአት። በቤቱ ያሉት እጆች የተቆጠሩ ስለሆኑ ነው የምትጠይቀው። ነገሩም የጨንቻ ብቻ አይደለም። ከጋሞ የሄዱ ሸማኔዎች ከሚኖሩበት ከአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ጀምሮ እናት ፋብሪካ ወይም ቢሮ ውላ እስከምትመለስበት የከተማ ቤት ሁሉ ያው ነው። ወንዱ ልጅ ኳሱን ይዞ ሲወጣ የት ትሄዳለህ የሚለው የለም፤ ሴቷ ልጅ ግን ዕቃው ይታጠብ፣ ሕፃኑ ይታዘል ትባላለች። እናንተም ሳትሉ አትቀሩም።

ኢና ሪስካል የተወለደችው ሰኔ 8 ቀን 1936 ዓ.ም. ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ ነው። የትውልድ ከተማዋ ባኩ በካስፒያን ባሕር ዳር የምትገኝ፣ ያን ጊዜ የሶቪየት አዘርባይጃን ሪፐብሊክ፣ ዛሬ ደግሞ የነፃዪቱ አዘርባይጃን ዋና ከተማ ናት። ባኩ የነዳጅ ዘይት ከተማ ናት፤ ሪስካል የተጫወተችበትም ክለብ ኔፍትያኒክ ይባል ነበር፣ የነዳጅ ዘይት ሠራተኛ ማለት ነው። በሶቪየት ኅብረት የስፖርት ክለቦች የሚቋቋሙት በሠራተኛ ማኅበራት፣ በፋብሪካዎች፣ በጦር ሠራዊትና በመሳሰሉት ሥር ነበር። ልጆች ከመደበኛ ትምህርታቸው በኋላ ያለ ክፍያ የሚሠለጥኑባቸው የስፖርት ትምህርት ቤቶችም በየከተማው ነበሩ። የልጅቱ ከሰዓት በኋላ አስቀድሞ ቦታ ተይዞለት ነበር ማለት ነው።

ይህን ስል ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነበር ማለቴ አይደለም። የሶቪየት ተጫዋቾች በወረቀት ላይ አማተር ይባሉ እንጂ መንግሥት እየደገፋቸው ዓመቱን ሙሉ የሚለማመዱ ነበሩ፤ በዚህም ሌሎች አገሮች ሲያማርሩ ኖረዋል። ቢሆንም የኔ ትኩረት ወደ ሌላው ጎን ነው። ለሴት ልጅ ጨዋታ ሰዓት የሚመድብ አካል መኖሩ በራሱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጨዋታውን ለማታውቁት ጥቂት ልበል። መረብ ኳስ እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሆልዮክ በተባለች ከተማ ዊልያም ሞርጋን በተባለ የወወክማ የስፖርት ኃላፊ የተፈጠረ ነው። ወወክማን የቀድሞዎቹ የአዲስ አበባ ልጆች አትረሱትም። ሜዳው ርዝመቱ 18፣ ስፋቱ 9 ሜትር ሲሆን መሐል ለመሐል መረብ ይወጠርበታል፤ የሴቶቹ መረብ ከፍታ 2 ሜትር ከ24 ሴንቲ ሜትር ነው። በየበኩሉ ስድስት ስድስት ሰው ይሰለፋል፣ ኳሷም መሬት ሳትነካ ቢበዛ በሦስት ንክኪ ወደ ወዲያኛው ወገን መሻገር አለባት። ሁለቱን ቡድኖች መረቡ ስለሚለያቸው መጠላለፍና መገፋፋት የለበትም። በሪስካል ዘመን አንድ ዙር የሚያልቀው በ15 ነጥብ ሲሆን ነጥብ የሚቆጠርለትም ኳስ የለጋው ቡድን ብቻ ነበር። ተቀባዩ ቢያሸንፍ የሚያገኘው የመለጋት ተራ ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ አንድ ዙር ሳይታሰብ ሊረዝም፣ የተሸነፈ የመሰለው ቡድንም ነፍስ ሊዘራ ይችል ነበር።

የመረብ ኳስ ጨዋታ ወደ ኦሎምፒክ የገባው በ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) ቶክዮ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በኦሎምፒክ ሴቶች በቡድን የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ አልነበረም። ያንን ኦሎምፒክ እኛ የምናስታውሰው በአበበ ቢቂላ ነው፤ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ 40 ቀን ያህል እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ጥቅምት 11 ቀን ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ጥቅምት 13 ቀን እዚያው ቶክዮ ውስጥ የ20 ዓመቷ ኢና ሪስካል ከጓደኞቿ ጋር በጃፓን ሴቶች ፊት ቆመች።

እዚህ ላይ ስለ ጃፓኖቹ ሳልናገር ባልፍ ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች ግፍ ይሆናል። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ኦሳካ አጠገብ ካይዙካ በምትባል ከተማ ከነበረው የኒቺቦ ኩባንያ ፋብሪካ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። ፋብሪካው ምን የሚሠራ ይመስላችኋል? ጥጥ የሚፈትል! ፈታዮች የሚሠሩበት ፋብሪካ የራሱ የመረብ ኳስ ቡድን ነበረው። አሠልጣኛቸው ሂሮቡሚ ዳይማትሱ ሰይጣን የሚል ቅጽል እስከሚወጣለት ድረስ ጨካኝ ነበር ይባላል። ሴቶቹ ቀን መደበኛ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ይጀምሩና ብዙ ጊዜ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያሉ። ከሜዳ የምትርቅ ኳስ ላይ ተወርውረው፣ በትከሻቸው ተንከባለው እንደገና በእግራቸው የሚቆሙበትን ስልት ያወጡት እነርሱ ናቸው። ኳስ መሬት አልነካ ሲላቸው ግራ የተጋቡት አውሮፓውያን የምሥራቅ ጠንቋዮች የሚል ስም አወጡላቸው። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. 1962) ሞስኮ ድረስ ሄደው የዓለምን ሻምፒዮና ከሶቪየቶች እጅ ነጥቀዋል።

የቶክዮው ግጥሚያ በጃፓን የቴሌቪዥን ታሪክ ከፍተኛ ተመልካች ካገኙት ስርጭቶች አንዱ ነው። ጃፓኖች 15 ለ11፣ 15 ለ8፣ 15 ለ13 በሆነ ውጤት ሦስት ለዜሮ አሸነፉ። ሪስካል የመጀመሪያ ሜዳሊያዋን፣ ብሩን፣ ያገኘችው በዚህ ሽንፈት ነው።

የጃፓን ቡድን አምበል ማሳኤ ካሳይ ያን ጊዜ 31 ዓመቷ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የዓለምን ዋንጫ ባነሣች ጊዜ ጨዋታ ማቆም አስባ ነበር፤ ቶክዮ ሲቀርብ ግን አዘገየችው። በአገሯ ልማድ በዚያ ዕድሜ ያላገባች ሴት ቆማ ቀረች ትባላለች፤ የእኛም አገር አክስቶች ከዚህ የተሻለ የሚሉ አይመስለኝም። ከድሉ በኋላ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ኤይሳኩ ሳቶ፣ ልምምዱ ባል ለማግኘት ጊዜ እንዳልሰጣት በነገረቻቸው ጊዜ፣ አንድ መኮንን አስተዋውቀዋት አግብታለች። ታሪኩ በየአገሩ እንደ ቀልድ ይነገራል። እኔን ግን ብዙም አላሳቀኝም። ወርቅ ያመጣች ሴት እንኳ መንግሥት እስከሚያጋባት ድረስ አንድ ነገር እንደጎደላት ስትቆጠር ነበር ማለት ነው። የዳይማትሱንም አሠራር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለማንም እናት አልመክርም፤ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያሠራ አሠልጣኝ ልጄን ሊወስድ ቢመጣ በሩን እዘጋበታለሁ።

ወደ ሪስካል እንመለስ። ከቶክዮ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1968)፣ ኦሎምፒኩ ሜክሲኮ ከተማ ላይ ተደረገ። ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ከባሕር ዳር የመጡት ሁሉ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈበት ከተማ ነው፤ ጨንቻ ደግሞ ከዚያም በብዙ ትበልጣለች፣ የዚህ አገር ልጆች ሳንባ ከወዲሁ የተዘጋጀ ነው ለማለት ያህል። ሪስካል አሁን 24 ዓመቷ ነው። ስምንት ቡድኖች ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጋጠሙ፤ የሶቪየት ሴቶች ሰባቱንም ጨዋታ አሸነፉ፣ ጃፓንንም ሦስት ለአንድ ረትተው የወርቅ ሜዳሊያ አገኙ። በ1963 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. 1970) ቡልጋሪያ ላይ የዓለም ሻምፒዮናውንም መለሱ።

በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ (እ.ኤ.አ. 1972) ሙኒክ ላይ እንደገና እነዚያው ሁለት ቡድኖች ለወርቅ ተገናኙ። አሁን ግን እንደ ሜክሲኮው አልቀለለም። ሁለት ዙር አንዱ፣ ሁለት ዙር ሌላው አሸንፎ በአምስተኛው የሚለይ ሆነ፤ ሶቪየቶቹ ሦስት ለሁለት አሸነፉ። ከሪስካል ጎን የተሰለፈችው ሉድሚላ ቡልዳኮቫ ያን ቀን 34 ዓመቷ ነበር። እርሷም በቶክዮ ብር፣ በሜክሲኮና በሙኒክ ወርቅ አግኝታለች።

ሪስካል ግን ገና አላቆመችም። በ1968 ዓ.ም. ሐምሌ (እ.ኤ.አ. 1976) ሞንትሪያል ላይ በ32 ዓመቷ ለአራተኛ ጊዜ ተሰለፈች። አሁንም ጃፓን፣ አሁንም ለወርቅ። የዚህ ጊዜዎቹ ጃፓኖች ከቶክዮዎቹ የማያንሱ ነበሩ፤ ሦስት ለዜሮ አሸነፉ። ሪስካል በብር የጀመረችውን በብር ጨረሰች፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፏት ጃፓኖች ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ዓይነት ባላጋራ ፊት መቆም ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ በአንድ ማሽን ፊት አሥራ ሁለት ዓመት የቆማችሁ ሠራተኞች ሳታውቁት አትቀሩም። ዛሬ ስሟ መረብ ኳስ በተወለደባት በዚያችው በሆልዮክ ከተማ፣ የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች በሚታወሱበት ቤት ተመዝግቦ ይገኛል።

በእነዚህ ዓመታት የእኛ ሴቶች የት ነበሩ? በቶክዮ፣ በሜክሲኮና በሙኒክ ኦሎምፒኮች ከተሰለፉት ኢትዮጵያውያን መካከል አንዲትም ሴት አልነበረችም። ከሞንትሪያሉ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ቀርታለች፤ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ ስለተጫወተ የተደረገ ተቃውሞ ነበር። ሴቶቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገቡት በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1980) ሞስኮ ላይ ነው፤ እነርሱም ሁለት ሯጮች ብቻ ነበሩ። ከዚያም ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፤ ከእርሷ ወዲህ ያለውን ሁላችንም በየቤታችን በቴሌቪዥን አይተነዋል።

ፋብሪካዎቻችንም ቡድን አልነበራቸውም እንዳይባል የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ የአገሪቱ የእግር ኳስ ሻምፒዮን እስከመሆን ደርሶ ነበር። ግን ወንዶች ናቸው። ካይዙካም ድሬዳዋም ጥጥ ይፈተል ነበር፤ አንዱ ዘንድ ኳሱን ለሴቶቹ ሰጧቸው፣ ሌላው ዘንድ ለወንዶቹ።

ታዲያ በሩጫ እንዲህ የተሳካላት ኢትዮጵያዊት በመረብ ኳስ ስሟ ያልተሰማው ስለምን ነው? ብዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ እኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝን ልንገራችሁ። ሩጫ ለአንድ ሰው ይሆናል። ልጅቱ ማልዳ ተነሥታ፣ ወይም ትምህርት ቤት ስትሄድና ስትመለስ መሮጥ ትችላለች፤ መንገዱ ራሱ ሜዳዋ ነው፣ የማንንም ሰዓት አትሻም። ለመረብ ኳስ ግን ስድስት ልጃገረዶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ነፃ መሆን አለባቸው፤ ተጋጣሚ ከተፈለገ ደግሞ አሥራ ሁለት። አንዲቷ ውሃ ልትቀዳ፣ ሌላዋ እህል ልታስፈጭ፣ ሦስተኛዋ ሕፃን ልትጠብቅ ከቀረች ጨዋታው የለም። ስለዚህ የሚያስፈልገው የአንዲት እናት ፈቃድ ሳይሆን የአሥራ ሁለት እናቶች ስምምነት ነው።

ስምምነቱን ደግሞ እናቶች አያጡትም። ዕቁብ ጥላችሁ ተራ ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ፤ ዕድርም ይሁን የቡና ጉርብትና የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ አንዷ ቤት የሌላዋን ሕፃን ብትይዝ፣ ወፍጮ ቤት የምትሄደዋ የሁለት ቤት እህል ይዛ ብትሄድ፣ ወንዶቹም ልጆች በእነዚያ ሁለት ቀኖች ጀሪካኑን ቢያነሡ ከቤቱ ሥራ የሚቀር የለም። ወንዶቹ ያኮርፉ ይሆናል። ያኩርፉ!

ወላጆች የሚሰጉባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። አንዱ ጣት ነው። የፈታይ ልጅ ጣቷ ከተጎዳ እንዝርቱ ይቆማል፤ ስጋቱም ያለ ምክንያት አይደለም፣ ጀማሪ ተጫዋች ኳሷን በጣቷ ጫፍ ልትቀበል ስትል ወለምታ የሚደርስባት ጊዜ አለና። ስለዚህ አስተማሪዎች መጀመሪያ የሚያስለምዱት ሁለቱን እጆች አጋጥሞ፣ ጉልበት ሸብረክ አድርጎ ኳሷን በክንድ መቀበልን ነው፤ ጣት የሚፈልገው ክፍል በኋላ ይደርሳል። ሌላው ልብስ ነው። የሪስካል ዘመን ተጫዋቾች በአጭር ቁምጣ ይጫወቱ ነበር፤ የእኛ ልጆች ግን በቱታ ሱሪ ቢጫወቱ የሚከለክላቸው የለም፣ ለጨንቻም ብርድ የሚሻለው እርሱ ነው። የወር አበባ የመጣባት ልጅም ካላመማት መጫወት ትችላለች፤ ይህን ለአስተማሪው ከመተው እናት ቀደም ብላ ብትነግራት ይበጃል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ኳሷ መገዛት አለባት፤ ትምህርት ቤቱ አንድ ካለው ከሱ ይጀመራል። ለመረቡ ምሰሶ ጨንቻ ቀርከሃ ሞልቷታል፤ ሁለት ወፍራም ቀርከሃ በደንብ ከተተከለ ይበቃል። መረብ እስኪገኝ ገመድ ወጥሮ ከላዩ ላይ አሮጌ ነጠላ ማንጠልጠል ኳሷ ከላይ ትለፍ ከሥር ትለፍ ለመለየት ያስችላል። የትልልቆቹን 2 ሜትር ከ24 ሴንቲ ሜትር ለትንንሾቹ ወደ 2 ሜትር ዝቅ ማድረግ ነው፤ ካልሆነ ገና ከጅምሩ ይሰለቻሉ። ሜዳው ለጥ ያለና ከገደል ራቅ ያለ ይሁን፣ በዚህ አገር ያመለጠች ኳስ ቁልቁል ወደ አርባ ምንጭ ነው መንገዷ። ልምምዱ ጉሙ ሳይወርድ ቢጀመር ይመረጣል፤ የገበያ ቀን ግን ይዝለሉት፣ በዚያ ቀን ፈትሉን ለመሸጥ እናትም ልጅም ስለሚወጡ ስድስት ሰው አይሞላም።